«አላህ ያግራልህ» ብለን ብቻ አንሸኘው



አንድ ጓደኛ «ውጭ ሄጄ ትንሽ ንግድ ልጀምር ነው፤ ምን ትላላችሁ?» ብሎ ሲጠይቀን ከአፋችን የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ነገር አንዱ ነው። ወይ «ማሻአላህ፣ አላህ ያግራልህ» እንላለን፤ ወይ «አምስት ዓመት ተምረህ ሱቅ ልትከፍት?» ብለን እናሸማቅቀዋለን። ሁለቱም ምክር አይደሉም። የመጀመሪያው ዱዓ ነው፤ ዱዓው መልካም ነው፣ የጠየቀን ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው ኩራት ነው። ምክር የተጠየቀ ሰው አማና እንደተቀበለ በቂርኣት ቤትም በጀመዓ ደርስም ሰምተን አድገናል። አማናውን መወጣት ማለት ደግሞ ቁጭ ብሎ አብሮ ማስላት ነው።

ይህን የምንጽፈው ሰሞኑን ከመካከላችን አንዱ፣ ዘንድሮ የሚመረቅ ወንድማችን፣ ጉዳዩን ይዞ ስለመጣ ነው። ስሙን አንጠራም፤ እንድንጽፈው ግን ፈቅዶልናል። ሐሳቡ ዱባይ፣ ዴይራ አካባቢ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡና፣ ጀበናና ነጠላ የሚሸጥ ትንሽ ሱቅ መክፈት ነው። ታላቅ እህቱ እዚያው በሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። ካፒታሉ የእሷ ቁጠባ ነው። «አንተ ብቻ ና፣ ገንዘቡ አለ» ብላዋለች። እኛም ሦስት ምሽት ዶርም ውስጥ ተሰብስበን ወረቀትና ካልኩሌተር ይዘን ተከራከርን። ተመሳሳይ ሐሳብ በልባችሁ ያላችሁ ብዙ እንደሆናችሁ ስለምናውቅ ክርክሩ የደረሰበትን እናካፍላችሁ።

መጀመሪያ የጠየቅነው «ገዢህ ማነው?» ብለን ነበር። «ሐበሻው ነዋ» አለን። ዱባይና ሻርጃ ውስጥ ሐበሻ ብዙ ነው፤ እውነት ነው። ግን ከሐበሻው ውስጥ ማን ነው የሚገዛው? በሰው ቤት የምትሠራ እህት ገበያ የምትወጣው መቼ ነው? የአገሩ ሕግ ለቤት ሠራተኛ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ይሰጣል፤ ያቺን አንድ ቀንም በተግባር የማያገኙ አሉ። እንግዲህ ሰባት ቀን ኪራይ እየቆጠረ አንድ ቀን የሚሸጥ ሱቅ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ደግሞስ ስንቷ ናት በርበሬዋን ከሱቅ የምትገዛው? ከአገር ቤት በሚመጣ ሰው ነው የሚላክላት። የወንድማችን ትልቁ ተፎካካሪ ጎረቤት ያለው ሱቅ ሳይሆን የእናቶቻችን ሻንጣ ነው። ይህን ስንለው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቆይቶ ግን ዝም አለ።

የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍን (ረ.ዐ) ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሀብቱን መካ ላይ ትቶ መዲና ሲገባ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) ጋር ወንድማማች አደረጓቸው። ሰዕድ ካለው ሁሉ ግማሹን ሊሰጠው አቀረበለት። እሱ ግን በረካ ለምኖለት ገበያው ወዴት እንደሆነ ጠየቀ። የበኑ ቀይኑቃዕን ገበያ አመለከቱት፤ እዚያ ቅቤና የደረቀ እርጎ እያተረፈ መሸጥ ጀመረ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረን የሰው እጅ አለማየትን ለማስተማር ነው፤ ልክ ነው። እኛ ግን በሰው አገር ንግድ ስለጀመረ ሰው ታሪክ አድርገን ስናነበው ሌላም ነገር አየንበት። ከገንዘቡ በፊት ገበያውን ጠየቀ። የጀመረውም ሰው በየቀኑ በሚፈልገው፣ ዛሬ ተገዝቶ ዛሬ በሚሸጥ ነገር ነው። ጀበና እንዲህ አይደለም። አንድ ጀበና የገዛች እህት እስክትሰብረው ድረስ አትመለስም።

ከዚያ ወደ ወረቀቱ ገባን። ስለ ዱባይ የሚሰጠው ምክር ግማሹ ያረጀ ነው። «ከፊል ሳታገኝ ሱቅ የለም፤ 51 በመቶው በአገሩ ሰው ስም መሆን አለበት» የሚለው ድሮ እውነት ነበር። የኩባንያ ሕጉ ተሻሽሎ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2021 ወዲህ ግን ለአብዛኛው የንግድ ዘርፍ የውጭ ሰው ሙሉ በሙሉ በራሱ ስም ባለቤት መሆን ይችላል። ስለዚህ «በእገሌ ስም እናውጣልህና በዓመት ይህን ያህል ትከፍለዋለህ» የሚል ደላላ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ለምን?» መሆን አለበት። ሌላው ደላላ ደግሞ በርካሽ የፍሪ ዞን ፈቃድ እንደሚያወጣ ይናገራል። ያ ፈቃድ ለአስመጪና ላኪ፣ ለኢንተርኔት ሥራ ሊጠቅም ይችላል፤ ብቻውን ግን ዴይራ ገበያ መሃል የሱቅ በር አያስከፍትም። ሁለቱ የተለያዩ ሩኽሳዎች ናቸው፤ ልዩነቱን ሳይነግር ገንዘብ የሚቀበል ሰው ሌላም ነገር ይደብቃል ብለን እንጠረጥራለን።

የቪዛው ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። በጉብኝት ቪዛ ገብቶ «እስኪስተካከል» ሱቅ ውስጥ መቆም የተለመደ ነው ይባላል። በ2024 የተሻሻለው የአገሩ የሥራ ሕግ ያለ ሥራ ፈቃድ ሰው ለሚያሠራ ከ100,000 ድርሃም እስከ 1 ሚሊዮን ድርሃም መቀጮ አስቀምጧል። 100,000 ድርሃም ከወንድማችን ካፒታል በላይ ነው። እህቱም ብትሆን በቤት ሠራተኛ ቪዛ ስላለች «በዕረፍቷ ቀን ትቆምልኛለች» ብሎ ማሰብ እሷን አደጋ ላይ መጣል ነው። ይህን የነገርነው በደንብ ጠንከር አድርገን ነው።

ከመካከላችሁ ጅዳን ወይም ሪያድን የምታስቡም ትኖራላችሁ። እዚያ በሰው ስም መነገድ ተሰቱር ይባላል፤ በ2020 የወጣው ሕግ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 5 ሚሊዮን ሪያል ያስቀጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከሳዑዲ ከ150 ሺህ በላይ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ሲመለሱ እኛ ልጆች ነበርን፤ ብዙዎቻችን ግን በሰፈራችን አንድ ፌስታል ይዞ የተመለሰ ሰው እናስታውሳለን። በሌላ ሰው ስም የነበረ ሱቅ ያን ጊዜ የማን ሆኖ እንደቀረ ማሰብ ከባድ አይደለም።

የቀረውን ባጭሩ እንለፈው። ዱባይ ውስጥ የሱቅ ኪራይ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው ቀኑ ወደፊት በተጻፈ ቼክ ነው፤ ገበያው ቢቀዘቅዝም ቼኩ ቀኑን ጠብቆ ባንክ ይገባል፣ ከተመለሰም ባለቤቱ በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤት አፈጻጸም ይሄድበታል። የታሸገ ምግብ የዐረብኛ መለያ ጽሑፍና የማብቂያ ቀን ሊኖረው ይገባል፤ እናታችን በላስቲክ የቋጠረችው ሽሮ ለዘመድ ስጦታ ነው እንጂ ለሱቅ መደርደሪያ አይሆንም። 5 በመቶው ቫት የዓመት ሽያጩ 375,000 ድርሃም ሲያልፍ ያስመዘግባል፤ 9 በመቶው የድርጅት ግብርም የሚጀምረው ትርፉ ያንኑ 375,000 ድርሃም ሲያልፍ ነው። ደብተር መያዝ ግን ከመጀመሪያው ቀን ነው።

ወንድማችን አንድ ሌላ ትምክህት ነበረው፤ ዐረብኛው። አጅሩሚያን ጨርሷል፣ ነሕው ላይ ከእኛ ሁሉ ይበልጣል። ግን ዴይራ ውስጥ የግሮሰሪ ዕቃ በጅምላ የሚሸጥለት ሰው ምናልባት ከኬረላ የመጣ ሕንዳዊ ነው፤ ያም ሰው ሙብተደእና ኸበር አይገባውም። (ይህን ያለው ከመካከላችን ራሱ አጅሩሚያን ያልጨረሰው ነው፤ ስለዚህ ምስክርነቱን በጥንቃቄ እንቀበለዋለን።) ፊደሉን ማወቁ ግን ይጠቅመዋል። የኪራይ ውልና ሩኽሳ ላይ ምን እንደተጻፈ ሳያነብ የሚፈርም ነጋዴ እዚያም እዚህም ሞልቷል።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ ከተጨማሪው ገንዘብ እንጀምር። ከእህቱ ቁጠባ በላይ የሚያስፈልገውን አባቱ እዚህ ካላቸው ላይ በብር ሊጨምሩለት አስበዋል። ድርሃም ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ አንድ ዶላር 3.67 ድርሃም ገደማ ሲሆን ይህ ለዓመታት አልተነቃነቀም። ብር ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ በዶላር 100 አለፈ። እንዲህ አሰላነው፦ 1 ሚሊዮን ብር በ57 ምንዛሪ 64,000 ድርሃም ገደማ ነበር፤ በ100 ምንዛሪ 36,700 ድርሃም ሆነ። አባት በሬም መሬትም ሸጠው የሚልኩት ብር መንገድ ላይ ይቀልጣል። በዚያ ላይ ለውጭ ንግድ ካፒታል የሚሆን ብር ቀይሮ ማውጣት ብሔራዊ ባንክ የሚቆጣጠረው ጉዳይ ነው፤ «በሰው በኩል» የሚላከው ደግሞ ደረሰኝ የለውም። ደረሰኝ የሌለው ገንዘብ ነገ ክርክር ሲነሣ ካፒታል መሆኑን ማን ይመሰክርለታል? ስለዚህ ምክራችን ቁርጥ ነበር፦ የአባትህን ብር አትንካ። ሱቁ በእህትህ ድርሃም የማይጀመር ከሆነ ገና አልደረሰም ማለት ነው።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ሦስቱንም ምሽት የወሰደብን ይኸኛው ነው።

«የእህትህ ገንዘብ ምንህ ነው?» ብለን ጠየቅነው። ጥያቄው አልገባውም። «ገንዘብ ነዋ» አለ። በፊቅሂ ደርስ ግን እንዲህ የሚባል ነገር የለም። ሰው ለሰው ገንዘብ ሲሰጥ ወይ ሂባ ነው፣ ወይ ቀርድ ነው፣ ወይ ሽርክና ነው። ሂባ ከሆነ ስጦታ ነው፤ ሱቁ ቢከስር እህቱ የምትጠይቀው ነገር የለም፣ ቢያተርፍም እንዲሁ። ቀርድ ከሆነ ሱቁ ቢቃጠልም እንኳ የወሰደውን ሙሉ ይመልሳል፤ ከወሰደው በላይ ጭማሪ ቃል ከገባ ደግሞ ሪባ ነው። ሙዷረባ ከሆነ እሷ ባለ ገንዘብ፣ እሱ ባለ ጉልበት ናቸው፤ ትርፉን በተስማሙበት ድርሻ ይካፈላሉ፣ ግማሽ በግማሽ ይሁን አንድ ሦስተኛ። እሱ ቸልተኛ ሳይሆን ከከሰረ ግን የገንዘቡ ኪሳራ የእሷ ነው፣ የእሱ ኪሳራ ደግሞ የለፋው ልፋት ነው። ሦስቱ ሁኔታዎች ሦስት የተለያዩ ዕጣዎች ናቸው። እህቱ የትኛውን መርጣለች? ማንም አልጠየቃትም። እሷም አላሰበችበትም፤ ወንድሜ ነው ብላ ነው የሰጠችው።

እሱ ያሰበው ግን ነበር፤ ደግ ነገር ነው ያሰበው። «ሱቁ እንደተከፈተ በየወሩ 1,000 ድርሃም እሰጣታለሁ» አለን። ሁላችንም «ማሻአላህ» ልንል ነበር። ከመካከላችን ፊቅሂ ጠንከር አድርጎ የቀራው «ቆይ» አለ። ገንዘቧ ሽርክና ከሆነ የተቆረጠ ገንዘብ መስጠት ሙዷረባውን ያበላሸዋል፤ ድርሻ ከትርፍ ላይ በመቶኛ ነው እንጂ ትርፍ ኖረም አልኖረም በሚከፈል ቁርጥ ገንዘብ አይሆንም፤ ዑለማዎች እዚህ ላይ አልተለያዩም። ብድር ከሆነ ደግሞ ዋናው ሳይነካ በየወሩ የሚከፈለው 1,000 ምንድን ነው? ስሙን «ለእህቴ ማስደሰቻ» ብንለውም ቃል የተገባ ጭማሪ ነው። አንድ ወንድም እህቱን ሊያስደስት ብሎ ሳያውቀው ከሪባ በር ላይ ሊቆም ይችላል። ባንክ ሳይገባ፣ ወለድ የሚባል ቃል ሳይሰማ። ወለድ የለሽ ባንክ ተከፈተልን ብለን ስንደሰት በቤተሰባችን መካከል ያለውን ገንዘብ ማየት ረስተናል ብለን እናምናለን፤ ዘምዘምም ሒጅራም የማይደርሱበት ቦታ የገዛ ሳሎናችን ነው።

«ወረቀት እንጻፍ» ስንለው ተቆጣ። «እህቴ ናት እኮ! ወረቀት ባቀርብላት ትቀየመኛለች። በወሎ ወግ ይህ ነውር ነው።» ነውሩን አልካድነውም፤ ከእኛም ግማሾቻችን ከዚያው አገር ነን። ግን ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው፣ ስለ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ስለ ዕዳ መጻፍና ስለ ምስክር ነው። ለማይተማመኑ ሰዎች ብቻ ነው የሚል ነገር የለበትም። ሌላም ነገር አልነው፦ ባዕድ ሸሪክ ቢሆን ኖሮ ይከስህ ነበር። እህትህ ግን አትከስህም። አትጠይቅህምም። ገንዘቧ ቢጠፋ «ለበጎ ነው» ብላ ሌላ ሁለት ዓመት ኮንትራት ትፈርማለች፤ አንተ ሳታውቅ። መብቷን የማትጠይቅ ሰው ስለሆነች ነው ወረቀቱ የሚያስፈልጋት። ይህን ያለው ከመካከላችን የራሱ እህት ቤይሩት ያለችበት ነው፤ ከዚያ በኋላ ለትንሽ ጊዜ ማንም አልተናገረም።

አራት ዓመት ማለት ምን ማለት እንደሆነም ማስላት ነበረብን። የሰው ልጅ አዝላ፣ የሰው ቤት ጠርጋ፣ ሁለት ረመዷን ብቻ እቤት ደውላ ያለቀሰች ልጅ ናት፤ የቀሩትን ደብቃዋለች ብሏል ራሱ። ያ ገንዘብ ተመልሳ የምትኖርበት ቤት ነው፣ ትዳሯ ነው። ኢንጂነሪንግ የተማርን ሰዎች አንድ ምሰሶ 100 ኪሎ ይችላል ስለተባለ 100 ኪሎ አንጭንበትም፤ ሴፍቲ ፋክተር የሚባል ነገር አለ። ለኮንክሪት የምንሰጠውን ጥንቃቄ ለእህታችን ገንዘብ መንፈግ አያምርም። ስለዚህ ያልነው ይህን ነው፦ ከቁጠባዋ ግማሹን አትንካ፣ በስሟ ባንክ ይቀመጥ። በቀረው ግማሽ የሚጀመር ነገር ፈልግ። ሙዷረባ ይሁን፤ ድርሻው፣ ሒሳብ የምታሳያት በየስንት ወሩ እንደሆነ፣ ካፒታሉ ይህን ያህል ሲጎድል ሱቁ እንደሚዘጋ ይጻፍ። የራስህ ቀለብና መኝታ ከሱቁ ይወጣል ወይስ ከድርሻህ የሚለው መዝሀቦች የሚለያዩበት ስለሆነ ኡስታዝ ጠይቀህ ጻፈው። አዲስ ነጋዴን የሚጥለው ብዙ ጊዜ ሌባ ሳይሆን ምሳው ነው፤ ከመሳቢያው እያወጣ ይበላና ካፒታሉን ትርፍ መስሎት ይጨርሳል።

ከመካከላችን አንዱ እስከ መጨረሻው አልተስማማም። «አባቶቻችን ጅቡቲም ጅዳም ሲሄዱ ካልኩሌተር አልያዙም። እንዲህ ስታሰሉ ዕድሜያችሁ እዚሁ ያልቃል። ተመርቀው ሁለትና ሦስት ዓመት ሥራ ፍለጋ የተንከራተቱትን አታዩም? መቅረትም ኪሳራ አለው» አለ። እውነቱን ነው፤ መቅረት ኪሳራ አለው፣ ያንንም ማስላት ይገባል። ጅዳ የሄዱት አባቶች ግን የሚነገርልን የተሳካላቸው ብቻ ናቸው። ያልተሳካለት ሰው ተመልሶ ታሪኩን በመውሊድ ላይ አይናገርም። ደግሞም እኛ «አትሂድ» አላልንም። ያልነው፦ ሥራ አግኝተህ በሥራ ቪዛ ሂድ፣ ግሮሰሪም ይሁን መጋዘን፤ አንድ ዓመት ደሞዝ እየበላህ የጅምላ ዋጋውን፣ ወቅቱን፣ የኪራዩን ጠባይ ተማር። የሌላ ሰው ሱቅ ውስጥ የሚገኝ ትምህርት በራስ ካፒታል ከሚገዛው ይረክሳል። ወይም ከዚሁ ሆነህ ጀምር፤ እዚያ ካሉት የሐበሻ ሱቆች አንዱ በትክክል የታሸገና መለያው በዐረብኛ የተጻፈ በርበሬ ከአንተ እንዲገዛ አሳምን። አንድ ባለ ሱቅ ማሳመን ካልቻልክ መቶ ደንበኛ አታሳምንም።

ዲግሪውን በተመለከተ የምንለው ትንሽ ነው። ሱቅ የከፈተ መሐንዲስ አላፈረም፣ አላሳፈረምም። ቤተሰቡ በምርቃት ጋዋን ያነሣውን ፎቶ እዚያው ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል።

ባለፈው ሐሙስ ወንድማችን ወረቀቱን በአማርኛ አርቅቆ አነበበልን፤ አንድ ገጽ ተኩል ነው። በስልክም ለእህቱ አንብቦላታል። እንደፈራው አልተቀየመችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ «ካፒታሉ ሲጎድል ሱቁ ይዘጋል ያልከውን ማን ነው የሚወስነው፣ አንተ ወይስ እኔ?» እኛ ሦስት ምሽት ተቀምጠን ያላሰብነው ጥያቄ ነው። አሁን ወረቀቱ ላይ «እሷ» ተብሎ ተጽፏል።

ዴይራ ወይም ሻርጃ ሱቅ ያለው፣ የሠራም ዘመድ ያላችሁ ካላችሁ የዘንድሮውን የኪራይና የጅምላ ዋጋ ጠይቃችሁ አምጡልን። ሰኞና ሐሙስ ከመግሪብ በኋላ ከግቢው ውጭ ባለው መስጂድ፣ ከኋላ በኩል ካለው የቁርኣን መደርደሪያ አጠገብ እንቀመጣለን። እህቶች በእህቶች ዘርፍ ተጠሪ በኩል ላኩልን።